የሶፕሮን ዋንጫ ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ?

ባለ ሶስት ነጥብ፦ እስኪ ተከራከሩኝ። በፈረንጆቹ 2022 ሩሲያ ዩክሬን ስትገባ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኑ ፊባ የሩሲያ ክለቦችን ከሴቶች ዩሮሊግ፣ ከአውሮፓ ክለቦች ትልቁ ውድድር፣ ሲዝኑ መሀል ላይ አስወጣ፣ የካተሪንበርግ፣ ዳይናሞ ኩርስክ፣ ኤምቢኤ ሞስኮ ሶስቱም ቀሩ። የካተሪንበርግ ማለት ደሞ የ2021 ሻምፒዮን፣ 6 ዋንጫ ያለው! ከዛ ዋንጫውን የሀንጋሪው ሶፕሮን በላው። ለኔ ግማሽ ዋንጫ ነው፣ ባለ ዋንጫውን ሳትጥል ምኑን አሸነፍከው

የቀበና ልጅ፦ ኧረ ተው ወንድሜ። ፍጻሜው ኢስታንቡል ነው እኮ የነበረው፣ የቱርኩን ፌነርባህቼን በገዛ ከተማው ደጋፊው እየጮኸ 60 ለ 55። ያው ፌነር ነው በ2023ም በ2024ም አከታትሎ የወሰደው፣ ደካማ ነበር እንዳትለኝ ብቻ

ባለ ሶስት ነጥብ፦ ደካማ መቼ አልኩ? ግን በ2018 ፍጻሜ ሶፕሮን ራሱ ሜዳ ላይ የካተሪንበርግን አግኝቶ 72 ለ 53 ተሸኝቷል። በ2022ም ቢገናኙ ያው ነበር

የቀበና ልጅ፦ በ2018 የሶፕሮኗ ጋቢ ዊሊያምስ ነበረች እንዴ? በ2022 እሷ ናት የፋይናል ፎር (የመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች ውድድር) ኮከብ የተባለችው። "ቢገናኙ ኖሮ" እያልን ከሄድንማ ዋንጫ የሚባል ነገር አይተርፍም 😂

እማማ ሪባውንድ፦ እናንተ ዋንጫ ዋንጫ ትላላችሁ ልጅቷን ረሳችኋት። አሜሪካዊቷ ብሪትኒ ግራይነር የየካተሪንበርግ ተጫዋች አልነበረች? የካቲት ላይ ሞስኮ ኤርፖርት ተይዛ በእስረኛ ልውውጥ የወጣችው ህዳር መጨረሻ ነው። ክለቦቹ ባይባረሩ ጓደኞቿ እሷ እስር ቤት ሆና እዛው ሜዳ ገብተው ሊጫወቱ ነበር?

ባለ ሶስት ነጥብ፦ እማማ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የምለው የኩርስክ ልጆች ምን አጠፉ? ጦርነቱን እነሱ አላወጁ

እማማ ሪባውንድ፦ ምንም አላጠፉም ልጄ፣ እሱን አልክድም ያሳዝናሉ። ግን ክለብ በማን ብር እንደሚቆም እናውቃለን፣ የካተሪንበርግ የኡራል የመዳብ ኩባንያ ነው ያቆመው። አሜሪካኖቹስ ብርዱን ወደው መሰላችሁ የሚሄዱት? የአሜሪካ ሴቶች ሊግ ደብሊው ኤን ቢ ኤ ያኔ ትልቁ ደሞዝ በዓመት ወደ 228 ሺህ ዶላር ነበር፣ እዛ ግን ግራይነር ከሚሊዮን በላይ ታገኝ ነበር ነው የተባለው። እረፍታቸውን ሸጠው ነበር የሚኖሩት፣ እንግዲህ ፍረዱ

የቀበና ልጅ፦ እማማ ጨረሱት

ባለ ሶስት ነጥብ፦ እሺ በቃ መባረራቸው ላይ ዝም አልኩ። ግማሽ ያልኩትንም ላንሳ፣ ሶስት ሩብ በሉት

የቀበና ልጅ፦ ሶስት ሩብ ዋንጫ አንስቶ ፎቶ የተነሳ ቡድን አሳየኝና አምናለሁ