«ሕዋሱ ጉልበቱን ይጨርሳል» ምን ማለት ነው?

ጀማሪ አራሚ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ካንሰር መድኃኒትና ስለ ነርቭ ሕመም የተተረጎመ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ። እነሆ፦

«መድኃኒቱ የሕመም ሕዋሳትን ዘረመል ሲጎዳ፣ ሕዋሱ ለጥገናው ሲል ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ሕመሙም ያለ ቁስል ይቀጥላል።»

ጥያቄዬ አጭር ናት። «ጉልበቱን ይጨርሳል» ሲል ሕዋሱ ደከመ ነው ወይስ ሞተ? ሁለቱንም የሚያስኬድ መሰለኝ።

ዘሰዋስው
ከጉልበቱ በፊት «የሕመም ሕዋሳት» የሚለውን አስተካክል። ሕዋስ ስሜት ነው። አምስቱ ሕዋሳት ሲባል አልሰማህም? ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። መስማት ዘረመል አለው እንዴ? ቃሉን ወስደው ለሴል የሰጡት የባዮሎጂ መጻሕፍት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ግራ ገብቶታል።

ቀለሜዋ
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁላችንም ትምህርት ቤት ሕዋስ ብለን የተማርነው ሴልን ነው። ይሄ ሁሉ ተማሪ ተሳስቷል ሊሉን ነው?

ዘሰዋስው
ልጄ፣ አስተማሪው ከተሳሳተ ተማሪው ምን ያድርግ?

ቅኔ በሞላ
ሥሩን ካየን ሁለታችሁም አላገኛችሁትም። በግዕዝ ተሐውሰ ማለት ተንቀሳቀሰ ነው። «ዘይትሐወስ» የሚንቀሳቀሰው። ስለዚህ ሕዋስ ማለት ሕይወት ኖሮት የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ሴልም ይንቀሳቀሳል፣ ስሜትም ያንቀሳቅሳል። ተፈታ።

መዝገበኛው
አልተፈታም። ዓረብኛው ስሜቶችን «ሐዋስ» ይላል። ሥሩ ሐ-ሰ-ሰ ነው፣ ወ የለበትም። ወ የገባችው ሲበዛ ነው። እንግዲህ ከዚያ ከመጣ «ሕዋስ» ራሱ ብዙ ቁጥር ነበር። «ሕዋሳት» ስትል በብዙ ላይ ብዙ ጨመርክበት ማለት ነው፤ «መላእክቶች» እንደሚሉት።

ቅኔ በሞላ
ሁልጊዜ ዓረብኛ! ግዕዝ የራሱ ነገር የለውም? ሁለቱም ሴማዊ ናቸው። ከአንድ አያት ወርሰውት ቢሆንስ?

መዝገበኛው
ከወረስነውማ ሐሰሰ የሚል ግስ አምጣና እንየው።

ቅኔ በሞላ
ኀሠሠ! ፈለገ ማለት ነው። ስሜትስ ቢሆን መፈለግ አይደል?

መዝገበኛው
እሱ በብዙኃኑ ኀ እና በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ፊደል ይለያል ብዬ ነበር።

ቅኔ በሞላ
ቅኔ ቤት ስንገባ አንተ ኪቦርድ ላይ ሐ የት እንዳለች እየፈለግክ ነበር።

ነጭ ጋዎን
ጨዋታችሁን ላቋርጥ። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሕዋስ ሁለቱንም ነው። የተባለው ኖሲሴፕተር ነው። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን ነው፣ በ1906 እ.ኤ.አ.። ጎጂ ነገርን ለይቶ የሚያውቅ የነርቭ ሴል ነው። ኒውክሊየስ አለው፣ ዲኤንኤ አለው። ሥራው ደግሞ መዳሰስ ነው። ዋናው አካሉ አከርካሪ አጠገብ ይቀመጣል፤ ጫፉ እግር ጣት ድረስ ይወርዳል። ቁመተ ረጅም ሰው ላይ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል።

እዚያ ጫፍ ላይ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሲያልፍ የሚከፈት በር አለ። ትሪፕቪ1 ይባላል። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ያገኙት በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገውን ካፕሳይሲን ይዘው ሲፈልጉ ነው። ለዚህ ሥራው በ2021 እ.ኤ.አ. ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸለመ። አማርኛችን እሳትንም በርበሬንም «ያቃጥላል» ይላል። ልክ ነው፣ ሁለቱም የሚከፍቱት አንድ በር ነው።

እቴ ሜቴ
አያቶቻችን ያለ ኖቤል ያወቁት ነገር!

ነጭ ጋዎን
እንግሊዝኛም በርበሬን «ትኩስ» ነው የሚለው። የሁሉም አያት ያውቅ ነበር።

ጀማሪ አራሚ
እሺ፣ ሕዋስ ይቆይ። ጉልበቱስ?

ዘሰዋስው
ጉልበቱ ይደረስበታል። «ሕመም» ራሱ አልጠራም። ሐመ ታመመ ነው። ደዌውም ሕመም ይባላል፣ የሚሰማውም ሕመም ይባላል። ጽሑፉ የሚያወራው ስለሚሰማው ከሆነ «ሥቃይ» ይበል።

ቀለሜዋ
ሥቃይማ አሠቃይ ይፈልጋል። ጣቴን በር ቢይዘኝ አመመኝ እላለሁ እንጂ ተሠቃየሁ አልልም።

ቅኔ በሞላ
«ጻዕር» አለላችሁ። ጣር የመጣው ከእሱ ነው።

ቀለሜዋ
ጣቷን በር ለያዛት ሰው ጣር? ቀብራችሁኝ መጣችሁ እኮ!

ነጭ ጋዎን
መምህር ያሉት ልዩነት ግን ላብራቶሪ ውስጥም አለ። ነርቩ የሚልከው ምልክት አንድ ነገር ነው። ሰውየው የሚሰማው ሕመም ሌላ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር ይችላል። በ2006 እ.ኤ.አ. ከፓኪስታን ቤተሰቦች የተገኙ፣ ከተወለዱ ጀምሮ ሕመም የማያውቁ ልጆች ተጠንተው ነበር። መነካት ያውቃሉ። ሙቀትና ቅዝቃዜ ይለያሉ። ሕመም ግን የለም። ኤስሲኤን9ኤ የሚባለው ጂናቸው ተበላሽቶ፣ በሕመም ነርቮች ላይ ያለው ናቭ1.7 የተባለ የሶዲየም በር አይሠራም። እነዚህ ልጆች ጤነኛ ቢመስሉም ስብራትና ቃጠሎ አይለያቸውም፤ ሰውነታቸው «ተው» አይላቸውማ።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አራሚያችን የያዘው ነው፤ ቁስል ሳይኖር ሕመም። እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ሰው «አመመኝ» ብሎ አያበቃም። ያቃጥለኛል ይላል። ይነዝረኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይደነዝዘኛል ይላል። ሐኪሙም የነርቭ ሕመም መሆኑን መጠርጠር የሚጀምረው ከእነዚህ ግሶች ነው። እባካችሁ አንድ ስም ፍለጋ ስትሉ ግሶቹን አትጣሉብን።

መዝገበኛው
«ይነዝረኛል» ከመብራት በኋላ የመጣ አይመስላችሁም? ኤሌክትሪክ ሳይኖር ምን ይነዝር ነበር?

ቀለሜዋ
ክርን ጫፉ ላይ ሲመታ ይነዝራል። ያ ደግሞ ነርቭ ነው። ለዚህ መብራት ኃይል አያስፈልግም።

ነጭ ጋዎን
አሁን ወደ ጉልበቱ፣ ልጁ በጣም ጠበቀ። ሲስፕላቲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እንውሰድ። ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ የካንሰሩን ሕዋስ እንዳይባዛ ያደርገዋል። ግን አይመርጥም። የሕመም ነርቮች አካል የተከማቸበት የአከርካሪው ዳር እንደ አንጎል ጥብቅ አጥር የለውም። መድኃኒቱ በደም በኩል ዘው ይላል።

ዲኤንኤ ሲቆረጥ ፓርፕ የሚባል ኢንዛይም ቦታው ላይ ይደርሳል። ኤንኤዲ የሚባለውን ሞለኪውል እየሰባበረ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል። ጠጋኞቹ የሚመጡት ሰንሰለቱን አይተው ነው። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ጉዳዩ በዚህ ያልቃል። ከበዛ ግን ኤንኤዲው ይሟጠጣል። ከስኳር ኃይል አውጥቶ ኤቲፒ የሚባለውን የሕዋሱን የኃይል ሞለኪውል ለመሥራት ደግሞ ኤንኤዲ ያስፈልጋል። ተርጓሚው «ጉልበት» ያለው ይህንን ኤቲፒን ይመስለኛል። ሕዋሱ ዲኤንኤውን ሊያድን ሲል ቤቱን ባዶ ያስቀራል።

በዚህ ዓይነት መድኃኒት ቀድሞ የሚጎዳው ረጅሙ ነርቭ ነው፣ እሱም ከጫፉ። በመጀመሪያ የእግር ጣቶች፣ ከዚያ የእጅ። «የካልሲና የጓንት ቅርጽ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጫፉ ላይ ሳርም1 የሚባል ሌላ ኢንዛይም አለ። የነርቩ ክር ሲጎዳ ይነሳና የቀረውን ኤንኤዲ ይጨርሰዋል። ክሩም ይበጣጠሳል። አይጦች ላይ ይህን ጂን ሲያጠፉት፣ ቪንክሪስቲን በሚባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት የሚመጣው የነርቭ ጉዳት አይደርስባቸውም።

ስለዚህ አንዳንዱ ሕዋስ ይሞታል። ሌላው ጫፉን አጥቶ በሕይወት ይቆያል፤ ይኼኛው ነው ያለ ምክንያት ምልክት የሚልከው። ሲስፕላቲን ደግሞ ከቆመ በኋላም ሕመሙ ለወራት ሊብስ ይችላል። «ይቀጥላል» ያለው ትክክል ነው።

ዘሰዋስው
መልካም። «ጠጋኞቹ» ያልከውን ወድጄዋለሁ። አንዳንዱ ጥገና ሲባል መኪና ብቻ ነው የሚታየው። ጠገነ የቁስል ቃል ነው። ቁስል ይጠገናል፣ አጥንት ይጠገናል። መኪናው ነው ከገላ የተዋሰው።

መዝገበኛው
ማስረጃ?

ዘሰዋስው
ማስረጃው እኔ ነኝ። መኪና ከመምጣቱ በፊት ሰው አይሰበርም ነበር?

ነጭ ጋዎን
ለዲኤንኤም ይስማማል። በየቀኑ አንድ ሕዋስ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ይደርሳል፤ አብዛኛው ሳይሰማን ይጠገናል። ሊንዳል፣ ሞድሪችና ሳንጃር የ2015 እ.ኤ.አ.ን የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙት አሠራሩን ስላሳዩ ነው። ሊንዳል አንድ የተበላሸ ፊደል ተነቅሎ እንዴት እንደሚተካ፤ ሳንጃር በፀሐይ ጨረር የተጎዳው ቁራጭ እንዴት እንደሚወጣ፤ ሞድሪች ሲገለበጥ የተሳሳተው እንዴት እንደሚታረም። የሦስተኛው ሥራ የአራሚ ሥራ ነው ማለት ነው።

ጀማሪ አራሚ
ደመወዙ እንደኔ ካልሆነ ጥሩ ነው። ታዲያ «ይጨርሳል» ልተወው ወይስ «ጉልበቱ ያልቃል» ልበል?

ቀለሜዋ
«ይጨርሳል» ሲል አውቆ የጨረሰው ይመስላል። ሕዋስ ደግሞ አያውቅም።

ቅኔ በሞላ
ሕዋስ አያውቅም? ስሜት ነው ስትባሉ አልነበር እንዴ! ለማንኛውም «ዘረመል» የሚለውን ማንም አልነካውም። ለእኔ ዘርና አመል ነው። አመል ደግሞ...

መዝገበኛው
እባክህ ለእሱ ሌላ ርዕስ ክፈት።

እቴ ሜቴ
እኔ የምለው፣ ይሄ ኤቲፒ ምናምን በአንድ ቃል ሜታቦሊዝም አይደል? «ውሕደት» ብንለውስ?

ነጭ ጋዎን
ግማሹ ማፍረስ ነው። ሕዋሱ ትልቁን ሞለኪውል ፈትቶ ኃይል ያወጣል፣ በዚያ ኃይል ደግሞ ሌላውን ያስራል። ውሕደት ማሰሩን ብቻ ይይዛል።

ዘሰዋስው
ማሰርና መፍታት በለኛ! እሱ ግን ሥልጣኑ የካህን ነው።

ቀለሜዋ
ኤቲፒ የሚሠራውን ሚቶኮንድሪያን ማን አቀሰሰው?