የሳይክል ክራንኬ ሄደብኝ! የማይበላው የቱ ነው? (ጅማ፣ አስቸኳይ)

የጂሬን ቁልቁለት (ጠያቂ)
ጀመዓ ድረሱልኝ! ክራንኬ (ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ) ጨርሶ ሄደ። በየቀኑ ከጂሬን መርካቶ የምወርደውም የምወጣውም በዚሁ ማውንቴን ሳይክል ነው። ዛሬ ዳገቱ ላይ ረገጥ ሳደርገው ቋ አለና ክንዱ ወዲያ ወዲህ መወላወል ጀመረ። ብሎኑን አጠብቀዋለሁ፣ ትንሽ እሄዳለሁ፣ መልሶ ይላላል። ሱቅ ብጠይቅ አንዱ የሚያብረቀርቅ ያሳየኝና «ኦሪጅናል ነው» ይላል። ሌላው ከባድ ብረት አውጥቶ «ይሄ ዕድሜ ልክህን ነው» ይላል። የማይሰበር፣ የማይበላ ክራንክ የቱ ነው? ሰኞ ሥራ አለብኝ። ቶሎ በሉኝ አቦ።

ብሎን ፍታ
በየትኛው በኩል ነው? ባለ ስንት ካምቢዮ ነው? መሃል ያለው ፐርኖ (ሁለቱን ክንድ የሚያያይዘው ዘንግ) አራት ማዕዘን ነው ወይስ ክብ? ፎቶ የለ፣ ምን የለ። «ክራንኬ ሄደ» ብቻ። የት ሄደ ብለን እንፈልገው?

ባለባጃጁ
አጋሮ ሄዶ ይሆናል፣ ቡና ለቀማ። ሃሃሃ። ስማኝ ወንድሜ፣ ሽጠውና ባጃጅ ግባ። ፔዳል የለው፣ ጣጣ የለው።

ጋሽ ሽብልቅ
ልጄ፣ የዛሬ ልጆች የሚያብረቀርቅ ነገር ስታዩ ነው የምትታለሉት። በእኛ ጊዜ ፎኒክስ የሚባል ሳይክል ነበር። ክራንኩ ብረት፣ በሽብልቅ የሚያዝ። ሽብልቁን በመዶሻ መታ መታ፣ ከዚያ ዳዶውን ማሰር፣ አለቀ። እህል ጭነንበት ሰው ደርበንበት ሄደናል።
ዋናው ግን እንክብካቤ ነው። ሳይክል ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ካቴናው ዘይት ይቀባል፣ ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል። የጅማ ዝናብ ቀልድ አያውቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ያ ቀይ ጭቃ ካቴናው ውስጥ ገብቶ ሞረድ ይሆናል፣ ጥርሱን ሲሞርደው ይከርማል። እናንተ ግን እንደመጣችሁ ግድግዳ አስደግፋችሁ ትተኛላችሁ። ከዚያ «ክራንክ ምረጡልኝ»። ክራንክ ምን አጠፋ?

የጂሬን ቁልቁለት (ጠያቂ)
እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። ግን የእኔ ፎኒክስ አይደለም። ግራው ነው የላላው። ከኋላ 8፣ ከፊት 3 ነው። ፐርኖው አራት ማዕዘን ነው። ፎቶ ልልክ ብል ኔትወርኩ እምቢ አለኝ።

ሳሙና ፈላጊ
ብሎኑን አጥብቀው። ይስተካከላል።

ብሎን ፍታ
@ሳሙና ፈላጊ አጥብቄው መልሶ ይላላል አለ እኮ። አንብብ እንጂ።

ቂጦ ወርክሾፕ
አሁን ነገሩ ገባኝ። ወንድሜ፣ አንተ የምትፈልገው «ጠንካራ ክራንክ» አይደለም። የደረሰብህ ነገር የታወቀ ነው። ፐርኖው ብረት ነው፣ ክራንኩ አልሙኒየም ነው። ብሎኑ በደንብ ሳይጠብቅ ከተረገጠ ብረቱ የአልሙኒየሙን ካሬ ቀዳዳ ይበላዋል። ማዕዘኑ አንዴ ከተሟሸሸ እስከፈለግክ አጥብቀው፣ መቶ ሜትር ሄደህ ይላላል። ውዱም ርካሹም በዚህ መንገድ ይሞታል።

መጀመሪያ ይህን አረጋግጥ። ክንዱን ይዘህ ወደ ፍሬሙና ከፍሬሙ ውጭ ግፋው፣ ጎትተው። ግራው ብቻ ከተነቃነቀ ችግሩ ክንዱ ነው። ግራውም ቀኙም አብረው ከተነቃነቁ ፐርኖው የሚሽከረከርበት የመሃሉ ኩሽኔታ ነው ያለቀው። ክንድ ብትቀይርም አይድንልህም።

ከዚያ ግራውን አውጣው። ብሎኑ ብዙ ጊዜ በ14 ቁጥር ቡሶላ ወይም በ8 ቁጥር ኤለን ቁልፍ ይፈታል። ክራንኩ ግን በእጅ አይወጣም፣ ፑለር (ክራንክ መንቀያ መሣሪያ) ይፈልጋል። በመዶሻ እንዳትቀጠቅጠው፣ ኩሽኔታውን ትገድለዋለህ። ፑለሩን ጥርሱ እስኪያልቅ አስገባው። ግማሽ ገብቶ ከጎተትክ የክራንኩን ጥርስ መዝዘህ ታወጣውና ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገባለህ። ሲወጣ የፐርኖውን ማዕዘን በጣትህ ዳስሰው። ሹል ከሆነ ደህና ነው። ከተሟሸሸ እሱም ይቀየራል።

ሲታሰር የሚፈለገው ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ቁልፍ የለኝም ካልክ፣ እጀታው 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፉ ላይ ከ14 እስከ 20 ኪሎ የሚሆን ጫና ማለት ነው። በሁለት ጣት የሚሆን ነገር አይደለም። የብሎኑን ጥርስ ግራሶ ቀባው። ካሬው ላይ ይቀባል አይቀባም የሚለው የቆየ ጠብ ነው፣ እኔ ደረቁን ነው የማስረው። ጥቂት ቀን ነድተህ አንዴ ደግመህ ሞክረው።

ሌላ ደግሞ፣ የግራ ፔዳል ጥርሱ ግልባጭ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው። የክራንኩ ብሎን ግን በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ዞሮ ነው የሚጠብቀው። ይህን ሁለቱን አታምታታ።

ሆሎው ነኝ
በአራት ማዕዘን ዘመን ቀርተሃል ወዳጄ። የሺማኖን ሆሎውቴክ 2 ክራንክ አስገባና እረፍ። ፐርኖው 24 ሚሊ ሜትር ወፍራም ነው፣ ከቀኙ ክንድ ጋር አንድ ላይ ነው። ግራው በሁለት ብሎን ይጨመቃል፣ ከ12 እስከ 14 ኒውተን ሜትር። ፑለር የለ፣ መዶሻ የለ። ቀላልም ጠንካራም ነው።

ብሎን ፍታ
ጠንካራ? ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ለምርመራ መልሱ ያለው ክራንክ የማን ነው? የተጣበቀው ሲላቀቅ የነበረውስ?

ሆሎው ነኝ
እሱ የመንገድ ሳይክል ነው! ዱራ ኤስና አልቴግራ፣ ባለ 11፣ ሁለት ቁራጭ በማጣበቂያ የተገጣጠመ። ከማውንቴን ጋር ምን አገናኘው? ሰምታችሁ ሳትጨርሱ ታወራላችሁ።

ቂጦ ወርክሾፕ
እሱ እንኳ ልክ ነው፣ የተጠሩት የመንገድ ክራንኮች ናቸው። ሆሎውቴክ መጥፎ ነው አልልም። ጥያቄው ጅማ ላይ ሲበላሽ ማን ያድነዋል ነው። ኩሽኔታዎቹ ከፍሬሙ ውጭ ስለሚቀመጡ ጭቃው ቅርባቸው ነው። መፍቻውም ለብቻው ነው፣ ባለ 16 ጥርስ። ሲያልቅበት አዲስ አበባ ሰው ሊልክ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር። የአራት ማዕዘኑን ዕቃ ግን እዚሁ ሳይክል ሠሪዎች ጋ፣ ካጣህም ካገለገለ ሳይክል ላይ ታገኘዋለህ። ለእኔ የሚበረክተው ሲበላሽ በማግስቱ የሚጠገነው ነው።

ቶርኖ ቤት
እኛ ጋ አምጣው፣ በብየዳ ሞልተን ካሬውን እናወጣልሃለን።

ቂጦ ወርክሾፕ
@ቶርኖ ቤት ወንድሜ፣ አልሙኒየሙ የሚጠነክረው በሙቀት ታክሞ ነው። በብየዳ ስታሞቀው ይላላል። ከጂሬን ሲወርድ ቁልቁለት ላይ ቢሰበርበትስ? ቆሞ ነው የሚነዳው እኮ። ለጋሪ ብየደው፣ ለሰው አይሆንም።

ባለባጃጁ
የኮካ ቆርቆሮ! ቀዳዳውና ፐርኖው መሃል ስስ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጠቅልላችሁ ስታስገቡት ይይዛል። እኔ ባጃጅ ሳልገዛ በፊት በሱ ነበር የምኖረው። አትሳቁ።

ብሎን ፍታ
እንዳትስቁ አለ እንጂ እውነቱን ነው። ግን ቤት ለመድረሻ ነው እንጂ ለሥራ አይሆንም።

የአጋሮ ልጅ
እኔ የሚገርመኝ ሁላችሁም ሙሉ ክራንክ ልታስገዙት ነው። የተበላው ግራው ብቻ ነው አይደል? ግራ ክንድ ብቻውን ይሸጣል! የእኔ ላይ እንደዛ ነው ያደረግኩት። ካገለገለ ሳይክል ላይም ይገኛል። ከክንዱ በስተጀርባ፣ ፔዳል የሚገባበት ጋ ቁጥር ተጽፏል፣ 170 ወይም 175። ከቀኙ ጋር አንድ መሆን አለበት። አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ካሬውን አስተያይ። ሲገባ ፐርኖው ጫፍ ድረስ ሄዶ ብሎኑ ፐርኖውን ከነካው ሰፊ ነው ማለት ነው፣ አትውሰደው። ጫፉ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መቅረት አለበት።

ቂጦ ወርክሾፕ
እህታለም፣ ከሁላችንም የተሻለውን ተናገርሽ። ልጁ ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው የፊት ጥርሶቹ ካለቁ ብቻ ነው። ጥርሱ ወደ አንድ በኩል ከተንጋደደና ጫፉ ከሾለ አልቋል። ካቴናውንም ይለካ። 24 መገጣጠሚያ ከፒን እስከ ፒን በአዲስ ካቴና 30.48 ሳንቲ ሜትር ነው። 30.7 ከገባ ካቴናውን ቀይር። ባለቀ ካቴና አዲስ ክራንክ መግዛት ብር መጣል ነው።

የጂሬን ቁልቁለት (ጠያቂ)
አመሰግናለሁ፣ ወላሂ! ጥርሶቹም ሾል ሾል ብለዋል። ሙሉውን ብገዛ እንግዲህ ምን ልበል ሱቅ ስገባ?

ቂጦ ወርክሾፕ
«ባለ 3፣ አራት ማዕዘን፣ ለ8 ካምቢዮ» በል። የሺማኖ ቱርኒ ወይም አልተስ ደረጃ ይበቃሃል። ሺማኖ የሚል ጽሑፍ ግን ብቻውን አያሳምንህ፣ ስቲከር ማንም ይለጥፋል። ጥርሶቹ በተለይ ትንሹ ብረት ይሁኑ፣ ማግኔት ይዘህ ሂድ። ቢቻል በሪቬት ያልተመታ፣ በብሎን የታሰረ ምረጥ። ያኔ ያለቀውን ጥርስ ብቻ ትቀይራለህ። የፊት ጥርሶቹ ቁጥር 42-32-22 የሆነ ካገኘህ ለጂሬን ዳገት እሱ ነው። 48-38-28 ካሳዩህ ተው፣ ለሜዳ ነው።
የፐርኖውን ርዝመት ደግሞ አትርሳ። አሮጌው ላይ 113 ወይም 118 ወይም 122.5 የሚል አለ። ክራንኩ የሚፈልገው ርዝመት ካልሆነ ካቴናው ገደድ ይልና ካምቢዮው ያስቸግርሃል። ኩሽኔታውን የምትቀይር ከሆነ የታሸገውን ውሰድ፣ ጭቃውን ይችላል። ሲፈታ የኩሽኔታው የቀኝ በኩል ጥርስ ግልባጭ ነው።

ሳሙና ፈላጊ
ሁሉም ነገር ግልባጭ ሆነ እኮ። እኔ ግን አሁንም ብሎኑን ቢያጠብቀው ባይ ነኝ።

ጋሽ ሽብልቅ
ከገዛህም በኋላ እጠበው።

የአጋሮ ልጅ
@የጂሬን ቁልቁለት ምን ላይ ደረስክ? መርካቶ አገኘህ? ዋጋውን ንገረን፣ ለወንድሜም ልገዛ ነበር።

ብሎን ፍታ
ድምፁ ጠፋ። ወይ ሳይክሉ ሠርቶለታል፣ ወይ ባለባጃጁን ሰምቶታል።

አዲስ ገቢ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ከፍቼ ከማበላሸው እዚሁ ልጠይቅ። ግራ ፔዳሌ ዝጎ አልፈታ አለኝ። ወደ ግራ ባለ በሌለ ኃይሌ እየታገልኩ ነው፣ ቁልፉ ሊሰበር ነው።

ቂጦ ወርክሾፕ
እያጠበቅከው ነው። ወደ ቀኝ አዙረው። ዘይት አፍስስበትና እስከ ጠዋት ተወው።