ጋዜጠኝነት የት ትማር?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋለች፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ናት። የምትፈልገው የሬዲዮ ጋዜጠኛ መሆን ብቻ ነው። ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን ደርድረው የሚጠብቁ እናቶችን በስልኳ ቀድታ፣ ቆርጣ ቀጥላ የሠራችውን ስሰማ እኔም አመንኩባት።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው፤ እየተዘጋጀች ነው። ብታልፍም ጋዜጠኝነት ለመመደቧ ዋስትና የለንም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱ አለ። ግን እናታችን ታማለች፤ እህቴ ከቤት መራቅ አትችልም።

የቀረው እዚሁ አቅራቢያችን ያለ የግል ኮሌጅ ነው። ክፍያውን ከደሞዜ እችለዋለሁ። ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣርቻለሁ፤ አለው። የመውጫ ፈተናውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥትም ለግልም ግዴታ ስለሆነ በዲግሪው አልሰጋም። ያሰጋኝ ስቱዲዮው ነው። አሳዩን ስንል ያየነው አንድ ማይክ፣ አቧራ የለበሰ ሚክሰርና ጥግ ላይ የተደራረቡ ወንበሮች ናቸው። ተማሪ በሳምንት ስንቴ ይገባል ስል፣ ሬጅስትራሯ «እንደ መምህሩ ነው» አለችኝ። ልጅቷ እጇ ሳይፈታ እንድትመረቅ አልፈልግም።

ሬዲዮ ጣቢያ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ጀማሪ ሪፖርተር ስትቀጥሩ ይበልጥ የሚመዝንላችሁ የተማረችበት ተቋም ነው ወይስ ራሷ ሠርታ የምታመጣው ዘገባ?