እብነበረድ የሚመስል ቀለም ስሞክር መስመሮቹ የካርታ መንገድ እየመሰሉብኝ ነው፣ እስቲ እርዱኝ

ሔለን77፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎን ያለች አንድ ክብ ምሰሶና አንድ የኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሰራ ጣውላ) ጠረጴዛ ነጭ እብነበረድ ላስመስል ፈልጌ መጀመሪያ ካርቶን ላይ እየተለማመድኩ ነው። ከስር ነጭ ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም አደረኩ ከዛ በቀጭን ብሩሽ ግራጫ መስመር ሳልኩበት፣ ግን ድንጋይ ሳይሆን የካርታ መንገድ ነው የመሰለው 😂 ላደበዝዘው ስል ደግሞ ወዲያው ደርቆ ይጠብቀኛል። ግሌዝ የሚሉት ነገር የግድ ነው ወይስ ቀለሙን በውሃ ማቅጠን ይበቃል? ከላይ ቫርኒሽ ሲደረግስ ነጩ ቢጫ አይሆንም?

ጋሽ_ብሩሽ፦
ሔለን ችግሩ እጅሽ ላይ አይደለም፣ ከስር ያለው ማቱ ነው። ማት ከላይ ያደረግሽበትን እርጥበት ጭልጥ አድርጎ ስለሚጠጣው ለማደብዘዝ ጊዜ አይሰጥሽም። ሳቲን ወይም ሴሚ ግሎስ፣ ማለትም ትንሽ የሚያብረቀርቀውን ቀለም፣ ሁለት ዙር ቀቢና አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ግሌዝ ማለት ቀለም የሌለው ፈሳሽ ነው፣ ቀለሙ ከስር ያለውን አሳልፎ እንዲያሳይ ያደርጋል መድረቂያውንም ያዘገያል፣ ብዙ ጊዜ 4 እጅ ግሌዝ ለ1 እጅ ቀለም ነው ግን ቆርቆሮው ላይ ያለውን አንብቢ። ውሃ ያሳሳዋል እንጂ ብዙም አያዘገየውም፣ ምሰሶ ላይ ደሞ ይንጠባጠብብሻል።

ሌላው፣ ሰው ሁሉ ከመስመር ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ደመናውን ስሪ እሱ ነው ድንጋይ የሚያስመስለው! ፈዘዝ ያለ ግራጫ ግሌዝ እዚህም እዚያም አድርጊ፣ በተጨማደደ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጊው፣ ከዛ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ በሁሉም አቅጣጫ ሳትጫኚ ዳበስ ዳበስ። ገና እርጥብ እያለ ነው መስመሩ የሚገባው። ብሩሹን ከጫፉ ርቀሽ ያዢውና በጣቶችሽ መሀል እያሽከረከርሽ ጎትቺው፣ ላባም ይሆናል እንደውም የላባ ይበልጣል። መስመሮቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ሰያፍ ይሂዱ፣ አንዴ ወፈር አንዴ ሳሳ ብለው ይጥፉ፣ ይከፈሉ፣ ግን እንደ ኤክስ አይቆራረጡ። ሲደርቅ ጥቂት ጠቆር ያሉ ትጨምሪና በጣም የሳሳ ነጭ ግሌዝ ከላይ ታለብሺዋለሽ፣ ያኔ ቀለሙ ድንጋዩ ውስጥ የሰመጠ ይመስላል።

ሚኪ_ቀቢው፦
ጋሽ ያሉት ልክ ነው ግን እኔ የዘይት ቀለም እመርጣለሁ፣ በጣም ቆይቶ ነው የሚደርቀው እንደልብ ትጫወቺበታለሽ። ሽታው ከባድ ነው መስኮት ክፈቺ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ጨብጠሽ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥዪ፣ ሲደርቅ ራሱ ይሞቅና እሳት ሊነሳ ይችላል፣ ዘርግተሽ ውጪ አድርቂው።

ጋሽ_ብሩሽ፦
ሚኪ እንጨት ለማስመሰል እሺ፣ ለነጭ ግን በፍጹም፤ ዘይት እየቆየ ቢጫ ይሆናል፣ ብርሃን የማያገኝ ቦታ ላይማ ባሰ። የዘይት ቫርኒሹም እንደዛው፣ በውሃ የሚቀጥነውን ግልጽ የፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ውሰጂ።

ሰብሊ_ዲዛይን፦
ጠረጴዛውን ማንም አላነሳውም። ኤምዲኤፍ ጠርዙ ላይ ቀለሙን እንደ ጉድ ይመጥጣል ስለዚህ ጠርዙን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው) ደገም አድርጊለት፣ በ220 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው። ዋናው ግን መስመሩ ከላይ መጥቶ ጠርዙ ላይ ቆም እንዳይል፣ ወደ ጎን ታጥፎ ይውረድ፣ አንድ ወጥ ድንጋይ የሚመስለው ያኔ ነው እና በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚያደርገው። ቫርኒሹ ሶስት ዙር፣ በየመሀሉ ቀለል አድርገሽ ፈግፍጊ። ግሎስ የተወለወለ ድንጋይ ይመስላል ግን እያንዳንዱን ጉብታ ያሳብቃል፣ እኔ ሳቲን ይበቃል ባይ ነኝ። ፌክ ነው ብሎ የሚስቅብሽ ካለ ደግሞ ጣሊያን ባለችው በጥንቷ ፖምፔ ከተማ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ግድግዳቸውን በልስንና በቀለም እብነበረድ ያስመስሉ ነበር በዪው 😄 ብቻ እብነበረድ ሊሆን የማይችል ነገር ላይ አታድርጊው፣ የበር እጀታ እብነበረድ አስመስሎ ያየሁት አለ፣ ዓይን ያማል።

ሔለን77፦
ኧረ ተባረኩ!! አንድ የቀረኝ፣ ምሰሶው ረጅም ነው፣ ግሌዙ ሳይደርቅብኝ እንዴት ነው የምጨርሰው?

ጋሽ_ብሩሽ፦
አንድ ላይ አትጨርሺውም። የድንጋይ ምሰሶ ብዙ ጊዜ ተደራርቦ ነው የሚቆመው፣ አንቺም በወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ከፋፍዪውና አንዱን እየዘለልሽ ስሪ፣ እነሱ በደንብ ሲደርቁ የተዘለሉትን ትመለሽባቸዋለሽ። በየክፍሉ የመስመሩን አቅጣጫ ትንሽ ቀይሪው፣ የተለያየ ድንጋይ ነዋ። መጋጠሚያው ላይ በቀጭኑ ግራጫ መስመር አስምሪ። ቬንትሌተር ካለ አጥፊው፣ ንፋስ ያደርቅብሻል።