አስቸኳይ፦ ውሃ የገባባቸው የእግር ኳስ ካርዶቼ ተጣብቀዋል፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሌሊቱን በጣለው ዝናብ የቤታችን ጣሪያ አፍስሶ ካርዶቼን ያስቀመጥሁበት ካርቶን ረጥቧል። የላይኞቹ ተቆልምመዋል፣ የታችኞቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ከተጣበቁት መካከል ካርድ አሳታሚው ፓኒኒ «ፕሪዝም» በሚል ስም ያወጣው የ2018ቱ የዓለም ዋንጫ የኤምባፔ ካርድ ይገኛል፤ እሱን ለመግዛት የተስማማ ሰው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ወንድሜ በካውያ ተኩሳቸው ይለኛል፣ እናቴ ምድጃ ዳር ደርድራቸው ትላለች፣ ከጎረቤትም የፀጉር ማድረቂያ ተውሻለሁ። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ቶሎ ይንገረኝ።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ ካውያውንም የፀጉር ማድረቂያውንም ይተዉት። የፕሪዝም ካርድ ፊቱ እንደ ፕላስቲክ ያለ ስስ ሽፋን ሲሆን ጀርባው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ ሽፋኑ ስለማያብጥ ካርዱ ይቆለመማል። በሙቀት በድንገት ሲያደርቁት ወረቀቱ ተኮማትሮ ወደ ሌላው ጎን ያጎብጠዋል፣ ሽፋኑም ሊላጥ ይችላል። የተቆለመሙትን በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል አድርገው መጠነኛ ክብደት ያለው መጽሐፍ ይጫኑባቸው፤ ወረቀቱን በየጊዜው ይቀይሩ። የተጣበቁትን ግን ሳይነኩ በራሳቸው እስኪደርቁ ይጠብቁ።

አንጋፋ ሰብሳቢ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦
ከመድረቁ በፊት ስለ ዋጋው ማሰብ ይገባል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 በጣሊያኗ ሞዴና የተመሠረተው ፓኒኒ ለ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አልበም ሲያሳትም ልጆች ተለጣፊ ምስል የሚለዋወጡት አልበም ለመሙላት ነበር፤ ዛሬ ግን ካርድ እንደ ንብረት ይገዛል፣ ይሸጣል። በወረርሽኙ ወቅት፣ በ2020 እና በ2021፣ ፍላጎቱ ከመጠን በላይ ከመናሩ የተነሳ የካርድን ይዞታ መርምሮ ደረጃ የሚሰጠው ትልቁ የአሜሪካ ድርጅት አዲስ ካርድ መቀበሉን ለጊዜው እስከ ማቋረጥ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የብዙ ካርዶች ዋጋ ወርዷል። ካርድና አልበም የማተም ፈቃዱም ባለቤት እየተለወጠ ነው፤ ፋናቲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጥር 2022 የፓኒኒን ተፎካካሪ ቶፕስን ገዛ፣ የ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ አልበም በቶፕስ ወጣ፣ ከ2025/26 ጀምሮም የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከፓኒኒ ወደ ቶፕስ ተዛውሯል። ስለዚህ ወጣቶች በእጃቸው ያለው ካርድ ዋጋው ሁልጊዜ እንደሚጨምር አድርገው ባያስቡ መልካም ነው።

ሆጤ ሰፈር፦
ከላይ እንደተባለው የተጣበቁትን አይንኩ፣ ይድረቁ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስበው ከካርዶቹ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ። በዚህ የሐምሌ ጉም ደሴ ውስጥ ነገር በራሱ እስኪደርቅ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለዎት የተቆለመሙትን ወደዚያ ይላኩ፤ እዚያ አየሩ ሞቅ ያለ ነው።

ሒሳብ አዋቂ (ኮምቦልቻ)፦
እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ገዥው የተስማማው ንጹሕ ካርድ ለመግዛት ነው፤ ውሃ የገባበት ካርድ ቢቃና እንኳ ያ ካርድ አይደለም። በነሐሴ 2022 የአሜሪካዊው ቤዝቦል ተጫዋች የሚኪ ማንትል የ1952 የቶፕስ ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ከ10 9.5 የሚል ደረጃ ስለተሰጠው ነው፤ ያው ካርድ ጠርዙ ካለቀና ከታጠፈ ዋጋው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ለገዥው ደውለው የሆነውን ይንገሩትና ፎቶ ይላኩለት። ሰውየው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ የረጠበ ካርድ ቢያገኝ ከርስዎ ዳግመኛ አይገዛም፤ እኛም ከደሴና ከኮምቦልቻ ካርድ የምንሸጥ ሁሉ ስማችን ይጠፋል። ደግሞስ ካርዱ ተራው ነው ወይስ የሚያብረቀርቀው የብር ቀለሙ? የሁለቱ ዋጋ አይገናኝም።

ወረቀት ጠጋኝ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦
ይቅርታ፣ ግን ሁላችንም ያልጠየቅነው አንድ ዋና ነገር አለ፦ የተጣበቁት አሁንም እርጥብ ናቸው ወይስ ደርቀዋል? በፕላስቲክ መሸፈኛ ውስጥስ ነበሩ? የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለው ወረቀት እንደ ተደራረበ ከደረቀ ቅቡ ለቅቡ ሙጫ ይሆንና ከዚያ በኋላ ሲለያይ ምስሉ አብሮ ይነሣል። እንግዲህ ገና እርጥብ ከሆኑ «እስኪደርቁ አይንኩ» የሚለው ምክር የሚጎዳ ነው።

ጠያቂ፦
አሁንም እርጥብ ናቸው። ኤምባፔው መሸፈኛ ውስጥ ነው፣ የተጣበቀውም መሸፈኛው ነው መሰለኝ። ተራው ነው። ለገዥው እየደወልሁ ነው፣ አያነሣም።

ወረቀት ጠጋኝ፦
እንግዲያው ተስፋ አለ። በመጀመሪያ ኤምባፔውን ከመሸፈኛው ያውጡት፤ ፕላስቲኩ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋልና። ጎትተው አያውጡት፤ የመሸፈኛውን ሁለት ጎን በመቀስ ቆርጠው እንደ መጽሐፍ ይክፈቱት። መሸፈኛ የሌላቸውን ክምሮች ደግሞ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ነክረው፣ ውሃው በመካከላቸው ሲገባ ከማዕዘናቸው ጀምረው በጣት ሳይሆን በስስ ፕላስቲክ ቀስ ብለው ይለያዩ። እምቢ ያለውን አያስገድዱ፣ ወደ ውሃው ይመልሱት። በመጀመሪያ ዋጋ በሌለው ካርድ ይሞክሩ፤ በብዕር የተፈረመ ካርድ ካለ ግን ከውሃ ያርቁት፣ ቀለሙ ይፈስሳል። የተለያዩትን አንድ በአንድ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው ውሃቸው ከተመጠጠ በኋላ ክብደት ይጫኑባቸው። ዛሬ የማይደርሱባቸውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ፤ ቅዝቃዜው እንዳይሻግቱና ተጣብቀው እንዳይደርቁ ጊዜ ይሰጥዎታል። ካልሆነ ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ሊጀምር ይችላል።

የቦርከና ልጅ፦
እርጥብ መሆናቸውን አላስተዋልሁም ነበር፤ የወረቀት ጠጋኝን ምክር ይከተሉ። ካርቶኑን ግን ይጣሉት፣ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል።

ሰቃ ሜዳ፦
እኔም የ2014ቱ የዓለም ዋንጫ የፓኒኒ አልበም ውሃ ነክቶብኛል። እሱንም ልንከረው?

ወረቀት ጠጋኝ፦
አይንከሩት። የአልበሙ ምስሎች ጀርባቸው ላይ ሙጫ ስላለ ውሃው ያላቅቃቸዋል፣ ገጾቹም ይቀደዳሉ። በየገጹ መካከል ነጭ ወረቀት እያስገቡ አልበሙን በከፊል ከፍተው ያቁሙት፤ ወረቀቱ ሲረጥብ ይቀይሩ።

ሒሳብ አዋቂ፦
ጠያቂው፣ ገዥው ስልኩን አነሣ?