ሊምባ ትሥራ ወይስ ትቁም?

ደሴ፦ የዛሬው መከራከሪያችን የታንዛኒያው የታንጋኒካ ሐይቅ መርከብ ሊምባ ናት (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1913 ጀርመን፣ ፓፐንቡርግ ተሠራች። ተፈታታ በሣጥን ዳሬሰላም ደረሰች፣ ከዚያ በባቡር ሐይቁ ዳር ያለችው ኪጎማ ሄዳ ተገጠመች፤ በ1915 ውሃ ገባች። በ1916 ጀርመኖች ራሳቸው አሰጠሟት፣ በ1924 እንግሊዞች አወጧት፣ ከ1927 ጀምሮ ሰውና ዕቃ ስታመላልስ ኖረች። በ1970ዎቹ እንፋሎቱ ወጥቶ ናፍጣ ገባላት። እኔ የምለው ትቁምና ትጎብኝ ነው። የኛው ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ተቀምጦ ታሪኩን ይናገራል፤ ተኩስ ያለው የለም።

ኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ መድፍ አይንሳፈፍም። የቆመች መርከብም ትዝጋለች፤ ክፉኛ የምትበላውም ውሃና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ፓምፑ፣ ቀለሙ፣ ከውሃ አውጥቶ መፈተሹ አይቀርም፤ ገቢው ግን ይቀራል። ያሰጠሟት ሙያተኞች እንኳ ሞተሩን ግራሶ ለቅልቀው ነው የለቀቋት፤ ሲያሰጥሟትም ተመልሳ እንድትሠራ አስበው ነበር ማለት ነው።

ደሴ፦ ሞተሩ ተቀይሮ፣ ላሜራው ተቀይሮ፣ ከዚያ ምኗ ቀረ?

ኮምቦልቻ፦ የኖርዌይዋ ስኪብላድነር በ1856 ሥራ ጀምራ በ1888 ሞተሯ ተቀየረ። አሁንም በእንፋሎት ትሄዳለች፣ ያው ስኪብላድነር ናት። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያያዝ የብረት ችንካር፣ የተያያዘ አካል ላይ ዝም ብሎ መበየድ። የብየዳው ሙቀት ሲበርድ ላሜራውን ይስበዋል፣ ጎረቤት ያሉት ሪቬቶች ይላላሉ፣ ውሃ ማንጠብጠብ ይጀምራሉ። ሪቬቱን ለመፈተሽ በአንድ በኩል ጣት አስደግፎ በሌላው በትንሽ መዶሻ መታ ማድረግ ነው፤ የላላው ጣት ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ድፍን ነው። 8 ሚሊ የነበረ ላሜራ ተበልቶ 6 ከደረሰ ደግሞ በላዩ ሌላ መለጠፍ አይሆንም፤ በሁለቱ መሐል ውሃ ይገባና ከውስጥ ይበላዋል። የተበላውን ቆርጦ አውጥቶ፣ የአዲሱን ማዕዘን ክብ አድርጎ መግጠም ነው። ሹል ማዕዘን ስንጥቅ ይጀምራል።

ሐይቅ፦ እንፋሎቱ መውጣቱን ግን እንደ ጥፋት አትቁጠሩት። የታንጋኒካ ውሃ እንደ ሐይቃችን ወደ አልካላይ፣ ወደ አሲድ ተቃራኒው፣ ያደላል። እንዲህ ያለ ውሃ ሳይታከም ቦይለር ውስጥ ሲፈላ አረፋ ያነሳል፣ አረፋው ከእንፋሎቱ ጋር ውሃ ይዞ ሲሊንደር ይገባል። ውሃ ደግሞ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሲመጣ የሲሊንደሩን ክዳን ይሰብራል። ቀዝቃዛ ቦይለርም በችኮላ አይለኮስም፤ ብረቱ እኩል ስለማይሞቅ ቱቦዎቹ ከጫፋቸው ያፈሳሉ።

አምባሰል፦ ማገዶውንም አስቡት እንጂ! የኒውዚላንዷ ኧርንስሎ፣ የ1912ቷ፣ በሰዓት አንድ ቶን ገደማ ከሰል በአካፋ ስትጎርስ ኖራለች። ቱሪስት ይከፍልላታል። የኪጎማ ነጋዴ ግን ዓሣውንና አናናሱን ጭኖ ያን ሊከፍል አይችልም። የወጣው የእንፋሎት ሞተር ሳይበተን የብስ ላይ ይቀመጥ ቢባል ግን ከጋሼ ጋር ነኝ።

ደሴ፦ እሺ፣ የሰውስ ነፍስ? ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ብረት ላይ 600 ሰው መጫን?

ሐይቅ፦ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ2018 የተገለበጠችው መርከብ ኔሬሬ በ2004 የተሠራች ነበረች፣ ገና አዲስ። የተፈቀደላት 101 ሰው ነበር፤ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ተጫነ፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሲቃረቡ ሁሉም ለመውረድ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል መርከብ ሚዛኗን ትስታለች። ስለዚህ ክርክሩ በዕድሜ ላይ አይሁን። የላሜራው ውፍረት በየጊዜው ይለካ፣ ቲኬቱ በቁጥር ይቆረጥ፣ ጎኗ ላይ የተቀባው የጭነት ልክ መስመር ውሃ ውስጥ ከገባ መልሕቅ አይነሳ።

ደሴ፦ በዚህ ከሆነ ትሥራ። ልኬቱን የሚያደርገው ግን ከቲኬቱ የማያተርፍ ሰው ይሁን።

ኮምቦልቻ፦ ይሄንንማ ማን ይቃወማል!