የጊታር አምፔን ቲዩብ በምን ልቀይረው?

ሰላም ወዳጆች፣ እባካችሁ አንድ ነገር ላይ እርዱኝ። 15 ዋት የቲዩብ አምፕ፣ ማለትም ድምፅን በመስታወት ቲዩቦች የሚያጎላ ማጉያ አለኝ። ፕሪአምፑ (የጊታሩን ድምፅ መጀመሪያ የሚያጎላው ክፍል) ላይ ሦስት 12ኤኤክስ7፣ ፓወሩ (ስፒከሩን የሚነዳው ክፍል) ላይ ሁለት ኢኤል84 የሚባሉ ቲዩቦች አሉት። ድምፁን በጣም እወደው ነበር። አሁን ግን ቀጫጭኖቹ ክሮች ጆሮ ይወጋሉ። ቮሊዩሙን ትንሽ ከፍ ሳደርግ ደግሞ ንጹሑ ድምፅ ወዲያው ይሻክራል። የምፈልገው ለስለስ፣ ሞላ ያለ ድምፅ ነው።

የመጀመሪያውን የፕሪአምፕ ቲዩብ በእርሳስ ቀስ ብዬ መታ መታ ሳደርገው በስፒከሩ ጎልቶ ይሰማል፣ ያፏጫልም። ሌሎቹ ዝም ናቸው። ስለዚህ እሱ መቀየሩ አይቀርም። ግን በምን? የ12ኤኤክስ7 የማጉላት አቅም 100 ነው፤ የ5751 ደግሞ 70፣ የ12ኤዋይ7 45 ገደማ። ሦስቱም እዚያው ሶኬት ላይ ይገባሉ። 5751 ይበቃኛል ወይስ እስከ 12ኤዋይ7 ልውረድ? በጣም ዝቅ ካልኩ ድምፁ ሕይወት እንዳያጣብኝ እሰጋለሁ። ሶሎ ስጫወት እኮ ያቺን ትንሽ ሻካራነት እፈልጋታለሁ።

ኢኤል84ዎቹንስ አብሬ ልቀይር? አምፑ ካቶድ ባያስ ስለሆነ (ባያስ፣ ማለትም የቲዩቦቹን የሥራ ኮረንት፣ ራሱ ስለሚያስተካክል)፣ ተመሳሳይ ጥንድ ካስገባሁ ባያስ ማስተካከል አያስፈልገኝም። ወይስ መጀመሪያ ያንን የፕሪአምፕ ቲዩብ ብቻ ቀይሬ ልስማው? የሞከራችሁ ካላችሁ ምን ለውጥ እንደሰማችሁ ንገሩኝ።